ከሻንጣ የወጣ ጋቢ

የወንድሜ ልጅ ሰላም ጋምቤላ ተመደበች። ነርስ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ከፍታ ልብስ ስታጭቅ በበሩ ሳልፍ አየኋትና ቆምኩ። ሸከፈች አልልም፤ መሸከፍ ሌላ፣ ማጨቅ ሌላ። እግር ላይ የሚጣበቅ የናይለን ሱሪ፣ ገበር ያለው ጃኬት፣ እሳት ገና በሩቁ ሲያየው የሚቀልጥ ቀሚስ፣ ሦስት ጥንድ ሽፍን ጫማ።

"ይሄን ሁሉ ላስቲክ የት ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"ላስቲክ አይደለም ጋሼ፣ ስትሬች ነው።"

"እዚያ ስትደርሺ በቢላ ነው ከገላሽ የሚላጠው።"

ሳቀች። "እሺ፣ እንዲህ ካወቅክ ና አንተ ሸክፍልኛ!"

ለቀልድ ነው ያለችው። እሷ ሳትወለድ፣ አባቷም ገና ጺም ሳያበቅል፣ ከጎፋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እኔ ይመጣ እንደነበር ማን ነግሯት? እኔ እንደሆንኩ አልነግራትም። ወደ ክፍሌ ገባሁና የጥጥ ካኒቴራ ልፈልግላት የቆርቆሮ ሳጥኔን ከፈትኩ። የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከናፍታሊኑ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፤ አርባ ዓመት ያልለቀቀ፣ ሌላ ሰው ቢያሸተው ከየት እንደመጣ የማያውቀው። ከሳጥኑ ግርጌ ያለው ጋቢ ነው። ሳጥኑን ሳልዘጋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያን ዘመን ንፋስ ስልክ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ተሸካሚ ነበርኩ። ማለዳ ማለዳ ሬዲዮው ማርሽ ያሰማል፣ እኛ ኩንታል እንሸከማለን። ጎፋ ያኔ አሁን የምታዩት ጎፋ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ሜዳ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የቀበሌው ሱቅ ሳሙናና ስኳር በካርድ ያድላል፤ ከሱቁ ጎን አንድ የእግር መኪና ያለው ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ሸሚዝ በአራት ብር ይሰፋ ነበር፣ ጨርቁን ራስህ ካመጣህ። ጎረምሳው ሁሉ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት የቴትሮን ሱሪ ለብሶ መንገዱን ይጠርግ ነበር። ቴትሮን አይጨማደድም፣ ቴትሮን ተኩስ አይፈልግም ተብሎ ሰዉ አበደ። እኔም አበድኩ። ጥቁር ቡኒ ቴትሮን አሰፍቼ ነበር፤ ቀበቶ ማስገቢያው ሰፊ፣ ኪሱ በግድም የተከፈተ። የተረገመ ሱሪ ነበር።

አሰብ መርከብ ሊራገፍ ሰው ይፈለጋል ተባለና ከመጋዘኑ አሥራ ሁለት ሰው ተመደብን። ፈቅደን ነው ብዬ አልዋሽም። ሰው መንገድ ሲወጣ ምን ይለብሳል? ደህናውን ነዋ! እኛ ደገኞች መንገድ ማለት ብርድ ይመስለናል፣ ሩቅ አገር ማለት ደግሞ የሚታዩበት ይመስለናል። እኔ ቴትሮኔን፣ የሱፍ ኮቴን፣ የአንገት ሹራብና የቆዳ ጫማ ይዤ ወረድኩ። አሰብ ስንደርስ ከመኪናው ወርጄ ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ያ ቴትሮን ሱሪ ታፋዬ ላይ ተለጠፈ። አየሩ ደረቅ ሙቀት ቢሆን ምን ነበረበት! የድስት እንፋሎት ነው። ልብስ አጥበህ ታሰጣለህ፣ በማግስቱ ጠዋትም እንደረጠበ ይጠብቅሃል። ኮቴን በሚስማር ሰቅዬው ነበር፤ በሁለት ሳምንቱ ትከሻው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። ጫማዬ ነጭ ጸጉር አወጣ። የሻንጣዬ ዚፕ ዛገና አልከፈት ብሎ በመፍቻ ገነጠልኩት። ብብቴና ብሽሽቴ በሙቀት ሽፍታ ተበልቶ እግሬን እንደ ዳክዬ ከፍቼ ነበር የምሄደው። የወደቡ ሰዎች ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ስስ ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው እያዩን ይስቁ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ኮቴን ነካ ነካ አድርጎ "በግህን ከነጸጉሯ ነው ያመጣሃት?" አለኝ።

ሁለት ክረምት ተመላልሼ ተማርኩት። ጥጥ ብቻ። አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ያረጀ ቢሆን ይመረጣል፣ ያረጀ ጨርቅ ላብ ይጠጣል። ልክህን ሳይሆን ካንተ ሰፋ ያለውን። ጥቁር አትውሰድ፤ ላቡ ሲደርቅ ጀርባህ ላይ የጨው ካርታ ይሥላል። ካኒቴራ ስድስት፣ ከላይ የሚለበስ ሦስት ይበቃል፤ የሚያልቀው የውስጡ ነው። ብረት ቁልፍ ያለበትን ልብስ ቁልፉን ፈተህ በላስቲክ ቁልፍ ቀይር። ልብሱን ደራርበህ አታጭቀው፤ አንድ በአንድ ጠቅልለው፣ በመሃል አየር ይግባ። ከሻንጣው ሥር ጋዜጣ አንጥፍ፣ በየማዕዘኑ ከሰል በጨርቅ ቋጥረህ አስቀምጥ፤ ከሰል እርጥበት ይስባል። ጋዜጣውን ለማንጠፍ ነበር የማውቀው። ምን እንደሚል አላውቅም፤ አንዳንዴም ፎቶው ተዘቅዝቆ ሰው ይስቅብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተገኘልኝ። ወታደር ልጁን ምጽዋ የሚሸኝ፣ ወደ ጋምቤላ ሰፈራ የሚላክ፣ የስኳር ፋብሪካ ቅጥር ያገኘ፣ ሁሉም "ወደ ተካልኝ ውሰደው" ይባላል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ደስታ የራሷ ሻንጣ ይመስል ከጎን ቆማ አስተያየት ትሰጣለች። አንዲት እናት ለልጇ በቆርቆሮ የታሸገ ቅቤ ልብሱ መሃል ስትወሽቅ አይቼ አወጣሁት። "ሚሌ ሳይደርስ ሸሚዙ ሁሉ ወጥ ይሆናል" ስላት አለቀሰች። ያለቅሳሉ፣ እኔ አወጣለሁ። ሹራቡን አወጣለሁ፣ ሱፉን አወጣለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ሁሌም እንጣላ ነበር፤ ጋቢ ላይ። ወይዘሮ ደስታ ሰው ቆላ ቢወርድም ደጋ ቢወጣም ጋቢው ከላይ ተጣጥፎ ካልተቀመጠለት ሻንጣው አይዘጋም ባይ ነበረች።

"ለመመለሻው ነው" ትላለች። "ጋቢ የሌለው ሻንጣ የተሸኘ ሰው ሳይሆን የተባረረ ሰው ሻንጣ ነው።"

"የሻገተ ጋቢ ነው ይዞ የሚመለሰው።"

"ይሻግት! መመለሱን ይወቅ እንጂ!"

የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ያኔ አሮጊትም አልነበረችም።

ማርታ ሚስቴ ነበረች። የሶዶ ልጅ ናት፣ ጴንጤ። እኔ የመካኒሳ አቦን ታቦት የምሳለም፣ እሷ ስትጸልይ ዓይኗን ጨፍና ከአምላኳ ጋር የምታወራ፤ እንዴት ተጋባችሁ ብትሉኝ፣ ተጋባን። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ ስለነበር ጽሕፈቷ እንደ ጥልፍ ነበር። እኔ የደመወዝ መዝገብ ላይ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ይህን አንድም ቀን ፊቴ ላይ አላለችውም። አለማለቷም ያናድደኝ ነበር። ኪሮሽ ትሠራለች፤ እጇ ሲሠራ በከንፈሯ መዝሙር ታንጎራጉራለች፣ ድምፁ ከግድግዳው አያልፍም። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ነበርና ሴቶቹ በየተራ በየቤቱ ይሰባሰባሉ። ተራው እኛ ቤት ሲደርስ ከሥራ ስመለስ አምስት ሴቶች ተንበርክከው አገኘሁ። ፈራሁ። ቀበሌው ቢሰማ ሥራዬም ቤቴም ይሄዳል ብዬ ነው የፈራሁት። ፍርሃቴን ግን ቁጣ አድርጌ አወጣሁት። ሴቶቹን ጫማቸውን በትክክል ሳያጠልቁ አስወጣኋቸው።

"እንግዶቼን አዋረድክ" አለችኝ።

"ከእኔና ከእነሱ ምረጪ። ያልተመቸው ሰው በሩ ክፍት ነው።"

ሳምንት ሙሉ ውሃ ስጠይቅ ውሃ፣ ምግብ ስጠይቅ ምግብ፣ ሌላ ነገር የለም። በዚያ መሃል ነው አሰብ ካገባችው እህቷ መልእክት የመጣው፤ መንታ ወልዳለች፣ የሚያግዛት የለም፣ ማርታ ሦስት ወር ትምጣልኝ። መልእክቱን ያመጣው ጋሽ መኮንን ነው፤ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር የተሳቢ መኪና ሹፌር፣ አሰብ ለእሱ እንደ ሳሪስ ነበረች። "ሐሙስ እወርዳለሁ፣ ጋቢና ውስጥ እንደ እህቴ አድርጌ አደርሳታለሁ" አለ። የይለፍ ወረቀቷን ቀበሌ ሄዳ ራሷ አወጣች።

እሮብ ዕለት ሻንጣዋን ሸከፍኩላት። ዕርቅ መጠየቄ ነበር፤ በአፌ የማልችለውን በእጄ ልል ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ሸክፌ አላውቅም። ሁለት የፖፕሊን ቀሚሶቿን ልብስ ሰፊው ዘንድ ወስጄ ብብቱን አስለቀቅሁ። የአንዷን የብረት ቁልፍ አስነቅዬ አስቀየርኩ። ለሕፃናቱ እንኳ አሮጌ አንሶላ ቀድጄ ጠቀለልኩ። ከሰሉን በነጭ ጨርቅ ቋጠርኩት፣ ልብሷን እንዳያጠቁር። እሷ ጓዳ ስትሆን ጋቢዋን ከሻንጣው አናት ላይ አገኘሁት። የሠርጋችን ጋቢ ነው፤ ጥለቱ ቀይ፣ ጥጡ የተመረጠ። እርጥበት ውስጥ ሦስት ወር ሲሻግት ታየኝ። አወጣሁና ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ለጋቢው አዝኜ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መጥታ ሻንጣውን አየች። አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች። ፊቷ ሊፈታ ሲል አየሁት፣ አልተሳሳትኩም፣ ሊፈታ ነበር። ከዚያ እጇ አናቱ ላይ ቆመ።

"ጋቢውስ?"

"አውጥቼዋለሁ። አሰብ ጋቢ ምን ይሠራልሻል?"

"ስመለስስ? ጣርማ በር ብርድ ነው ይላሉ።"

"ስትመለሺ ያኔ ይታሰብበታል።"

ይህን ነው ያልኳት። ሊቅ ነኝ ባይ አፌ ነው የተናገረው፤ የቆላ ሻንጣ ዐዋቂው። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ሻንጣውን ዘጋች፣ ገመዱን አሰረች፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበችው። ሐሙስ ማለዳ ጋሽ መኮንን ጥሩምባውን ሲነፋ ወጣች። "ደህና ሁን" አለችኝ። ወይዘሮ ደስታ በሯ ላይ ቆማ ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

በጥቅምት ጋሽ መኮንን ደብዳቤ አመጣልኝ። ቡና ቤቱ ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

"ከማርታ ነው። ላንብብልህ እንዴ?"

"ዓይን አለኝ" አልኩት።

አየኝ። እንደማልችል ያውቃል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ያ ዘመን ደብዳቤ ማስነበብ የሚታፈርበት አልነበረም፤ ግማሹ ሰው ፊደል አልቆጠረም፣ ደብዳቤ ሲመጣ በረንዳ ላይ ይነበባል፣ የሰማ ሁሉ "እሰይ፣ ደህና ናት" ይላል። እኔ ግን የተጣላኋት ሚስቴ ምን ብላ እንደጻፈች ማን አባቱ አንብቦ ይስማ? ትሰድበኝ ይሆናል። ሴቶቹን ያባረርኩትን ትጽፍ ይሆናል። ደብዳቤውን ካኒቴራዬ ሥር ከተትኩትና በሳምንቱ መሠረተ ትምህርት ተመዘገብኩ። ራሴ አነበዋለሁ አልኩ። ሌሎቹ ተገድደው ነው የመጡት፣ መቅረት ያስጠይቃል። እኔ ብቻ ነኝ በፈቃዴ የሄድኩት። ከሥራ መልስ ትከሻዬ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ እንዳለ የቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፤ አስተማሪያችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ "አባባ ጠመኔውን አይጫኑት፣ ይሰበራል" ትለኛለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። አባባ!

ጋሽ መኮንን ወር በወር ይወርዳል። በኅዳር መጣ።

"ተካልኝ፣ ነገ ወራጅ ነኝ። ለማርታ የምትልከው የለህም?"

"የለኝም።"

በታኅሣሥ መጣ። "ምንም? አንዲት ዕቃ እንኳ?"

"ምንም አልኩህ እኮ!"

"ባለፈው መኪናውን ገና ሳላቆም ነው ወጥታ የጠበቀችኝ። እጄን ነው የምታየው።"

"ሰላም በልልኝ" አልኩት። ሰላም ይበቃል መስሎኝ። ገና ግዕዝና ካዕብ ላይ ነበርኩ፣ ሳልሱ አልዞር ብሎኝ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ነበር የምለው፣ ላንብበውና ከዚያ ደህና አድርጌ እመልስላታለሁ።

የካቲት ላይ አንድ እሑድ በሬን ቆልፌ ደብዳቤውን አወጣሁ። ላቤ ወረቀቱን አጠውልጎት ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እንደ ሕፃን ጮክ ብዬ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦

"ለተከበርከው ባለቤቴ ተካልኝ። እንዴት ነህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሕፃናቱም እናታቸውም ደህና ናቸው። ሻንጣውን ጥሩ አድርገህ ሸክፈኸዋል፣ አንድ ልብስ አልሻገተም። ጋቢዬን በጋሽ መኮንን ላክልኝ። ከላክኸው ለገና እመጣለሁ። ካልላክኸው አልቸኩልም።"

በቃ። ስድብ የለ፣ የጸሎት ሴቶች የሉ፣ ወቀሳ የለ። ጎረቤት እንደሚያነብልኝ ታውቃለችና ጎረቤት ቢሰማው የማያሳፍረኝን ብቻ መርጣ ነው የጻፈችው። ለእኔ ክብር ብላ። በረንዳ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሰዉ "ጋቢዋን ላክላት እንጂ" ብሎ ይበተን ነበር፣ እኔም እልክ ነበር። ገና ካለፈ ስድስት ሳምንቱ።

ጋቢውን አውጥቼ ወደ ጋሽ መኮንን ቤት ሮጥኩ። ሰው እያየኝ ሮጥኩ። በሚቀጥለው ጉዞው ይዞላት ወረደ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ተሳቢው ሲመጣ ከጋቢናው እሱ ብቻ ወረደ፤ ብብቱ ሥር ጋቢው ነበር።

"አልተቀበለችም?"

"ተቀብላ ነበር። አንድ ቀን አሳደረችውና ማለዳ አጥፋ መለሰችልኝ።" ሲጋራውን ረገጠ። "ሙቀቱን ለምጄዋለሁ በለው፣ አለች።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ቆዳዋም ተለውጧል። ሽርጥ ለብሳ ነው ያየኋት።"

ከዚያ ጽፌላታለሁ። በገዛ እጄ፣ በተጣመመ ፊደል፣ አራት ጊዜ። መልስ አልመጣም። ወደ ወደብ ሥራ የሚላክ ሰው እንደገና ሲፈለግ ስሜን አስጻፍኩ፣ አልደረሰኝም። ጋሽ መኮንን አረፈ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ዘመኑ ተገለበጠ፣ አሰብም የሌላ አገር ሆነች። ሞታም ከሆነ አላውቅም። ሰዎች አስተማሪዋንና ዘመቻውን ሲያመሰግኑ ፊደል ዓይን አበራልን ይላሉ። የእኔን ዓይን ያበራው ገና ካለፈ በኋላ ነው፤ ለምን ልዋሽ? ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ሸክፌ አላውቅም። የሚመጣውን ሰው "ልብስ ሰፊው ይሸክፍላችሁ" እያልኩ እመልሰው ነበር።

"ጋሼ! ጠፋህ እኮ!" ሰላም ከወዲያ ተጣራች።

ሦስት ካኒቴራና ጋቢውን ይዤ ተመለስኩ። ናይለኑን አወጣሁ፣ ጃኬቱን አወጣሁ፣ ከሦስቱ ጫማ ሁለቱን ወረወርኩ። እየጮኸች መልሳ ስታነሳ መልሼ ወረወርኩ። የጥጥ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ጠቀለልኩ፤ እጄ አልረሳውም። ከሥር ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ አሁን ርዕሱን አንብቤ፣ በትክክል አቅንቼ። በመጨረሻ ጋቢውን አራት አጥፌ አናቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄማ አይሆንም!" አለች። "ጋምቤላ እኮ ነው የምሄደው! ጃኬቴን አውጥተህ ጋቢ? ደግሞ ይሸታል፣ ምን ምን ነው የሚለው?"

"የባሕር ጨው።"

"ቦታ ይይዛል ጋሼ።"

"ይያዝ።"

"እሺ መቼ ነው የምለብሰው?"

"ስትመለሺ" አልኳት።

ዚፑ አልገጥም አለ። በጉልበቴ ሻንጣው ላይ ወጥቼ ዘጋሁት።